በሰዓት ሰባት መቶ ሠላሳ ስምንት እግረኛ

መንገድ መሥራትማ ማንም ይሠራል። ጠጠር መገልበጥ፣ ሬንጅ ማፍላት፣ በዳምጠው መዳመጥ ጉልበት እንጂ ብልሃት አይፈልግም። መንገድ ማጥናት ግን የተመረጡ ሰዎች ሥራ ነው። እኔ የምሠራበት የአውራ ጎዳና ማሻሻያ ዕቅድ ጽሕፈት ቤት ከመሀል ከተማ ወደ ዳርቻው ሰፈሮች የሚወስደውን ባለ አራት መስመር መንገድ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲያጠና ኖሯል። በእነዚህ ዘጠኝ ዓመታት አንዲት አካፋ እንኳ መሬቱን ነክታ አላስቀየመችውም። እኛ ስናጠና ግራና ቀኝ የነበረው ሜዳ ቤት ሆነ፤ ቤቱ ሰፈር ሆነ፤ ሰፈሩም ራሱን የቻለ ከተማ ወጣው። መኪናውም በዚያው ልክ ፈላ። እኛ ግን አልተደናገጥንም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኛ በእጃችን ምንም ስላልያዝን የምናፈሰውም አልነበረን።

የእኔ ድርሻ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነው። ይህ ትንሽ ሥራ የሚመስለው ሰው ካለ መሥሪያ ቤት ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። ስብሰባ ላይ የተባለው ሁሉ ይረሳል፤ የሚቀረው እኔ የጻፍኩት ነው። ኃላፊያችን «እስቲ እንደምታሳምረው አሳምረው» ካሉኝ፣ ወንበር ሊያማዝዝ ምንም ያልቀረው ጭቅጭቅ በእኔ እጅ «ሰፊ ውይይት ከተካሄደ በኋላ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ሆኖ ይወጣል። ለዚህ ችሎታዬ ሁለት ጊዜ የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶኛል። አንዱን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ጥናቱ በተፋፋመበት ሰሞን ታላቅ እህቴ ቢሮ ድረስ መጣች። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ቤቷም ሱቋም ከአውራ ጎዳናው በስተቀኝ ነው። የእናታችን ቤት ደግሞ በስተግራ፣ ከእህቴ ሱቅ ፊት ለፊት። ከጥናታችን በፊት፣ መንገዱ ገና ጠባብ ሳለ፣ እናቴ በሯ ላይ ቆማ ስትጣራ እህቴ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ «አቤት» ትላት ነበር። አሁን እናቴ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል፤ ምድጃ አጠገብም መቆም አትችልም። ስለዚህ እህቴ በየቀኑ ምሳ ሠርታ፣ በሳህን ቋጥራ፣ መንገዱን ተሻግራ ትወስድላታለች። ወስዳ ማስቀመጥ ብቻ አይደለም፤ አጠገቧ መቀመጥ አለባት። እናቴ ብቻዋን ስትሆን አትበላም። «ብቻዬን የጎረስኩት አይወርድልኝም» ትላለች፤ እውነቷን ነው፤ አንድ ሰሞን እህቴ ታማ ቀርታ ሴትዮዋ በሳምንት ውስጥ ጥላዋ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ታዲያ ለምን አብረው አይኖሩም የሚል ይኖራል። እህቴ ደንበኞቿ ካሉበት ከራቀች መርፌዋ ይዝጋል። እናቴ ደግሞ «ከባሌ ቤት የምወጣው በአራት ሰው ትከሻ ነው» ብላ ቆርጣለች። እኔስ? እኔ የመንግሥት ሥራ አለብኝ። ስለ እናቴ መንገድ ሌት ተቀን የምደክም ሰው፣ እናቴ ጋ የምሄድበት ጊዜ ከየት ላምጣ?

እህቴ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነገሩን ዘረዘረችልኝ። ለመሻገር አርባ ደቂቃ ዳር ላይ ትቆማለች። ምሳው ይቀዘቅዛል። ባለፈው ሳምንት አንድ የጭነት መኪና በአፍንጫዋ ሥር ሲያልፍ ንፋሱ የሳህኑን ክዳን ነጥቋት ሄደ፤ አንድ እርምጃ ቀድማ ቢሆን ኖሮ እሷንም ይወስዳት ነበር።

«ድልድይ አምጣ አላልኩህም» አለችኝ። «ነጭ ቀለም ቀብታችሁ ሁለት ሰሌዳ አቁሙልኝ። እኔ እዚያ መንገድ ላይ ብቀር እማዬን ማን ያበላታል? አንተ?»

እኔም ወንድምነቴን ከሥራዬ ጋር ሳልደባልቅ «ማመልከቻ ጻፊ» አልኳት።

ጻፈች። ማመልከቻው ወደ ዋና ባለሙያችን ተመራ። ይህ ወጣት በመሥሪያ ቤቱ «አማካይ» ተብሎ ይጠራል፤ ምን ቢጠይቁት መልሱ አማካይ ስለሆነ ነው። እራሱን ሲያመው እንኳ «እግሬ ደህና ስለሆነ በአማካይ ጤነኛ ነኝ» ብሎ ሥራ ገብቷል። ሠራተኛው ለሽሙጥ ያወጣለትን ስም እሱ እንደ ማዕረግ ይቆጥረዋል። አማካይ መመሪያውን ገልጦ አሳየኝ። የእግረኛ ማቋረጫ ቀለም የሚቀባው በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢያንስ ሦስት መቶ ሰው በቦታው ሲሻገር ነው። ሄዶ ቆጠረ፤ አርባ አንድ አገኘ። እህቴም ደብዳቤ ደረሳት፤ «በተጠቀሰው ቦታ የመሻገር ፍላጎት አለመኖሩ በጥናት ስለተረጋገጠ ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም» የሚል። እኔ ነኝ ያረቀቅኩት፤ ከጻፍኳቸው ሁሉ አንዱ ግሩም ደብዳቤ ነው።

እህቴ ተመልሳ መጥታ ሰው የማይሻገረው ማሻገሪያ ስለሌለ ነው ብላ ብትሟገት፣ አማካይ በትሕትና አስረዳት። መጀመሪያ ሕዝቡ በብዛት መሻገሩን ያሳይ፤ ከዚያ ማሻገሪያ ይሰጠዋል። ሕፃኑ መጀመሪያ ይደግ፣ ከዚያ ጡት እናጠባዋለን እንደ ማለት ነው። ያም ሆኖ መሥሪያ ቤታችን ፍትሕ ያውቃልና ከስድስት ወር በኋላ ድጋሚ ቆጠራ እንደሚደረግ ቀኑንና ሰዓቱን ገልጾ አሳወቃት። እህቴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብባ አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። የዚያን ጊዜ ነገር እንዳሰበች ማወቅ ነበረብኝ።

የቆጠራው ዕለት እኔና አማካይ ከመንገዱ ዳር ጃንጥላ ተክለን ተቀመጥን። እሱ በአውራ ጣቱ እየተጫነ የሚቆጥርባት ትንሽ መሣሪያ ይዟል፤ እኔ መዝገቤን። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሰፈሩ ተንቀሳቀሰ። እህቴ ቤት ለቤት ዞራ ስልሳ ሁለት ጎረቤት አስተባብራ ኖሯል፤ ጡረተኛ፣ የቤት እመቤት፣ ጫማ ሠሪ፣ አንድ መንጋጋው የታሰረ የጥርስ ሕመምተኛ ሳይቀር። በአንድነት ሲወርዱ መኪናው ሁሉ ቆመ፤ ሰው ሲበዛ ሾፌርም ያከብራል። ተሻገሩ። ወዲያ ማዶ ደርሰው በእናቴ ግቢ አልፈው፣ ትንሽ ዞር ብለው፣ እንደገና ተሻገሩ።

አማካይ ሞኝ አይደለም፤ ያው ሰው ሲመላለስ ያውቃል። እህቴ ግን ይህንንም አስባበት ነበር። ሱቋ ውስጥ ደንበኞች አሰፍተው ሳይወስዷቸው የቀሩ ልብሶች ከነማንጠልጠያቸው ሞልተዋል። እነሱን አከፋፍላ በየዙሩ ታለዋውጣቸው ጀመር። ጡረተኛው ፖስታ አመላላሽ መጀመሪያ በካኪ፣ ቀጥሎ በመምህር ጋዋን፣ ከዚያ እጅጌው ሁለት ጣት በሚያጥር ሙሉ ልብስ አለፈ። እህቴ ራሷ ጥቁር በጥቁር ለብሳ አንገቷን ደፍታ አለፈች። አማካይ ቆቡን አውልቆ «ሐዘንም አለ» አለ። ሰባት ደቂቃ ሳይሞላ ሙሽራው ጠፍቶ የቀረ የሠርግ ቀሚስ ለብሳ፣ ጭራውን በሁለት እጇ ሰብስባ ተመለሰች። «ሠርግም አለ፤ ሰፈሩ እያደገ ነው» አለ አማካይ፣ ዓይኑ ከመሣሪያው ሳይነሳ። እሷ በአጠገቤ ስታልፍ ጠቀሰችኝ። እኔ ዝም አይነቅዝም ብዬ ጻፍኩ፤ ሐዘንተኛ አንድ፣ ሙሽራ አንድ።

ሰዓቱ ሲሞላ ቁጥሩ ሰባት መቶ ሠላሳ ስምንት ሆነ። ከሚፈለገው ከእጥፍ በላይ ነው። እህቴ በሙሽራ ልብሷ የሱቋ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ላቧን ትጠርጋለች። እናቴ ማዶ አጥሯ ላይ ተደግፋ ትስቃለች፤ ያን ሁሉ ሰው ሰላም ሲላት ስላረፈደ የዚያን ቀን ምሳዋን ጨርሳ ጨመረች አሉ። እኔም ውስጤ ደስ አለው። ቀለሙ ሊቀባ ነው፣ እህቴ ሳትሞት ልትሻገር ነው ብዬ፣ በመዝገቤ ላይ «ቆጠራው ያለ አንዳች እንከን ተካሂዷል» ብዬ አሰፈርኩና ፈረምኩ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ያን ጊዜ ነው።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። አማካይ ሰሌዳ ፊት ቆመ። ባለፈው ቆጠራ አርባ አንድ፣ በአሁኑ ሰባት መቶ ሠላሳ ስምንት፤ እግረኛው በስድስት ወር ውስጥ አሥራ ስምንት እጥፍ አድጓል። ስለዚህ በሚቀጥለው ስድስት ወር በሰዓት አሥራ ሦስት ሺህ ሰው ይሻገራል። በዓመቱ ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ሺህ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰባ ሰባት ሚሊዮን። ኃላፊያችን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ እንደገና አደረጉት፤ ቁጥሩ ግን ያው ነው።

«ይህን ያህል ሰው አለን?» አሉ።

«ሰፈሩ በፍጥነት እያደገ ነው፣ ጌታዬ» አለ አማካይ።

ይህ በየንግግራቸው እሳቸው ራሳቸው የሚሉት አባባል ነውና ተቀበሉት። ከዚያ በኋላ ስለ ነጭ ቀለም ያነሳ የለም። ሰባ ሰባት ሚሊዮን ሕዝብን በቀለም ማሻገር ንቀት ነው ተባለ። ድልድይ ይሠራ። አማካይ ቁጠባ የሚያውቅ ሰው ስለሆነ የሁለት ዓመቱን ትቶ የአንድ ዓመቱን ግምት ብቻ ወሰደ። በዚያ ስሌት የድልድዩ ስፋት ስልሳ ሜትር ወጣ፤ ርዝመቱ ግን ሠላሳ አምስት ብቻ ነው። ከርዝመቱ ስፋቱ የሚበልጥ ድልድይ ለዓለም ስናበረክት እኛ የመጀመሪያዎቹ ሳንሆን አንቀርም። በግራም በቀኝም ያን ሁሉ ሕዝብ የሚያወጣና የሚያወርድ ሰፊ ደረጃ፣ ከደረጃው ግርጌ ደግሞ ተራ መጠበቂያ አደባባይ ተጨመረለት። ተጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤ «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ።

ካርታው ኮሪደር ላይ ተሰቀለ። ሠራተኛው ሁሉ አይቶ አድንቆ አልፏል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ሆኖ ነው መሰል እኔ ያየሁት በአራተኛው ቀን ነው። የግራው አደባባይ መሀል ላይ በቀጭን እርሳስ የተሠረዘ ትንሽ አራት ማዕዘን አለ። ጠጋ ብዬ አየሁት፤ የእናቴ ቤት ነው። በቀኝ በኩል ደረጃው የሚያርፈው እህቴ ሱቅ ላይ ነው። በጣቴ እየቆጠርኩ ሄድኩ። ከስልሳ ሁለቱ ተሻጋሪዎች የሃምሳ ዘጠኙ ቤት ይነሳል።

በአሥራ አንድ ዓመት አገልግሎቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። የሻይ ሰዓት ደርሶ እንደሆነ ለመጠየቅ የመሰላቸውም ነበሩ።

«ጌታዬ፣ ያ ቁጥር ልክ አይደለም። ሰዎቹ ስልሳ ሁለት ናቸው። ልብስ እየለወጡ ነው የተመላለሱት።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«አሥራ ሁለቱ እህቴ ናት።»

አማካይ አልተናደደም። መመሪያው የሚለው መሻገርን ቁጠር እንጂ ሰውን ለይ አይደለም፤ በሠርግ ቀሚስ መሻገርንም አይከለክልም ብሎ አስረዳ። ኃላፊያችን ግን ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ የሚሉ ሰው ናቸውና የቆጠራው መዝገብ እንዲነበብ አዘዙ። አነበብኩ፤ ያለ አንዳች እንከን ተካሂዷል።

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ማንን እንመን?» አሉኝ በአባትነት ድምፅ። «አንተን ወይስ አንተን?»

ቀጥለውም፣ አንድ ቁጥር ከጸደቀ በኋላ እውነት ሲጨመርበት ሰነድ ይበላሻል ብለው መከሩኝ። ከዚያ እንደማሳምረው እንዳሳምረው አዘዙኝ። አሳመርኩት።

የተነሺዎች ምደባም በሥርዓት ተካሄደ። የቀኝ ተነሺዎች በሰማያዊ አቃፊ፣ የግራ ተነሺዎች በአረንጓዴ አቃፊ ስለነበሩ እንዳይደባለቁ ሲባል ሰማያዊው በመንገዱ ምዕራብ ጫፍ፣ አረንጓዴው በምሥራቅ ጫፍ እንዲሰፍር ተወሰነ። እናቴ ከባሏ ቤት በአራት ሰው ትከሻ አልወጣችም፤ በሁለት ተሸካሚና በአንድ ሾፌር ወጣች። ይህን ያህል የሰው ኃይል ቆጥበናል። እህቴ አቃፊ እንዲቀየርላት ልትለምን ሦስት ቀን ኮሪደራችን ላይ ቆመች። በሦስተኛው ቀን በአጠገቧ ሳልፍ ቀና ብላ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በእናቴና በእህቴ መካከል አሁን ሠላሳ አራት ኪሎ ሜትር አለ። ሦስት ታክሲ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መንገዱ ከተዘጋ ደግሞ እግዜር ያውቃል። እህቴ በመጀመሪያው ወር በየቀኑ ሄደች፤ ምሳው እራት ሆኖ ደረሰ። በአዲሱ ሰፈር ያገኘቻቸው አንድ ሁለት ደንበኞችም ሱቁን ተዘግቶ እያገኙት ሸሹ። በሳምንት አንዴ ሆነ። በወር አንዴ ሆነ። ከዚያ አራት ወር ሙሉ አልተያዩም። እናቴ ጋ ጎረቤት የሚባለው ሁሉ ለሥራ ማልዶ ወጥቶ ሲመሽ የሚገባ ነው። እኔ አንድ እሁድ ብስኩት ገዝቼ ሄድኩ። እንዳላፍር ብላ ግማሿን በላች። የእጇ አንጓ ከመክሳቱ የተነሳ አምባሯ እስከ ክርኗ ይንሸራተታል። ስለ እህቴ ጠየቀችኝ እንጂ ስለ ራሷ አላወራችኝም። ወጥቼ ታክሲ ስጠብቅ አለቀስኩ፤ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ጋዜጣ ዘርግቼ ነው ያለቀስኩት።

ድልድዩ በአሥራ አራት ወር አለቀ። ዙሪያውን ነዋሪ ስለሌለ ግንባታው አላንዳች ሁከት ነበር የተካሄደው። የምረቃው ቀን ሲቀርብ ግን ኃላፊያችንን አንድ ነገር አስጨነቃቸው። ሪባኑ ተቆርጦ ካሜራው ሲዞር የሚሻገር ተጠቃሚ ያስፈልጋል፤ በአካባቢው ደግሞ ከሁለት የጥበቃ ሠራተኞች በቀር ነፍስ የለም። ተጠቃሚ ፈልግ ተብዬ ታዘዝኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሥልጣኔን ለዘመዶቼ ተጠቀምኩ። አንድ መኪና ወደ ምሥራቅ፣ አንድ መኪና ወደ ምዕራብ አስላክሁ።

እናቴ በግራ በኩል ከመኪና ወረደች፣ እህቴ በቀኝ። ደረጃው ሰባ ሁለት ነው። እናቴን ሁለት ጠባቂዎች ክንድና ክንዷን ይዘው አወጧት፤ አራት ጊዜ አረፈች፤ አጃቢው የሙዚቃ ቡድን አንዱን ዜማ አራት ጊዜ መለሰው። እህቴ ሳህኗን በጨርቅ ቋጥራ ይዛለች። ስልሳ ሜትር ስፋት ያለው ሲሚንቶ ላይ ሁለት ሴቶች ከዚህና ከዚያ ሲመጡ ከሩቅ አይለዩም ነበር። መሀሉ ላይ ተገናኙ። እህቴ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ እናቴ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ታገላብጣት ጀመር።

ኃላፊያችን ንግግራቸውን ያን ጊዜ ጀመሩ። ይህ ድልድይ እናትና ልጅን እንዳገናኘ፣ ከዓይናችን በላይ ምስክር እንደማያስፈልግ፣ ልማት ማለት ይኸው እንደሆነ ሃያ ሦስት ደቂቃ አብራሩ። ሁለቱ ሴቶች አልሰሟቸውም። እህቴ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብላ፣ እናቴን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ሳህኑን ፈትታ ታጎርሳታለች። እናቴ ሳህኑን ጨረሰች። ሁሉንም። እኔ መዝገቤን ይዤ ቆሜ እያንዳንዷን ጉርሻ ስቆጥር ከንግግሩ አንድ ቃል አልጻፍኩም።

ጭብጨባው ሲያበቃ ሾፌሮቹ ጥሩምባ ነፉ፤ መኪኖቹ ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት መመለስ አለባቸው። ኃላፊያችን እናቴን በእጃቸው ደግፈው አስነሷትና፣ ካሜራው ወደ እሳቸው ዞሮ ሳለ፣ ስለ ድልድዩ የሚሰማትን እንድትናገር ጋበዟት። እናቴ እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ መረቀቻቸው፤ ዕድሜ ይስጥህ፣ ወልደህ ሳም፣ ክፉ አይንካህ አለቻቸው። እጃቸውንም ሳትለቅ፣

«ልጄ፣ ሌላ የምታስመርቁት መቼ ነው?» አለቻቸው።

ኃላፊያችን በደስታ ሳቁ። ወደ እኔ ዞረው «ይህቺን ጻፋት» አሉኝ።

ጻፍኩ። «ኅብረተሰቡ በድልድዩ እጅግ መደሰቱን ገልጾ፣ ተጨማሪ ድልድዮች በአስቸኳይ እንዲሠሩለት ጠይቋል።»